ሙሉ ቆረጣ፣ የደረጃ ቆረጣ፣ መርጦ መቁረጥ ወይስ መተው? ለግል ደን ባለቤት የአያያዝ ስልቶች ንጽጽር

የግል ደን ያለው ሰው የሚወስናቸው አብዛኞቹ ውሳኔዎች ውጤታቸው የሚታየው ደኑ በልጆቹ ወይም በልጅ ልጆቹ እጅ ሲገባ ነው። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ለሳንቃ እስኪደርስ ድረስ፣ እንደ ዛፉ ዓይነትና እንደ አፈሩ ለምነት፣ ከ20 ዓመት አንስቶ ከ100 ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ የተቆረጠ ዛፍ ደግሞ ሰው ስለተጸጸተ ተመልሶ አይቆምም። በዚህ ምክንያት የደን አያያዝ ስልቶችን ሳነጻጽር ከገቢው መጠን አስቀድሜ የማነሣው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ውሳኔ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ለማረም ስንት ዓመት ይወስዳል? ከታች የቀረበው ንጽጽር በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የተዘጋጀ ነው። ለሁሉም ደንና ለሁሉም ባለቤት የሚሆን አንድ ስልት የለም፤ ነገር ግን ስህተትን ይቅር የሚሉ ስልቶችና የማይሉ ስልቶች አሉ፣ ልዩነታቸውንም መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

ከምርጫው በፊት፦ ደኑ ራሱ ምን ይፈቅዳል?

ብዙ ባለቤቶች ስልቱን አስቀድመው ይመርጡና ደኑን ለስልቱ ሊያስማሙ ይሞክራሉ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። በመጀመሪያ ደኑን ከዳር እስከ ዳር በእግር ማዳረስ፣ ቢቻል በእርጥቡም በደረቁም ወቅት ማየት፣ ውኃ የሚያቁርበትን፣ አፈሩ ስስ የሆነበትን፣ ነፋስ የሚገባበትን ዳርቻ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር የበቀለ ችግኝ መኖር አለመኖሩን በንድፍ ካርታ ላይ ማስፈር ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ነው። የዛፍ ውፍረት በብዙ አገሮች የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከውፍረቱ ጋር ቁመቱ ከታወቀ፣ ሁለቱን በማካፈል ብቻ ስለ ደኑ ጽናት ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ውፍረቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ ቁመቱ የውፍረቱ 80 እጥፍ ነው፤ ተመሳሳይ ቁመት ኖሮት ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግን 120 እጥፍ ይደርሳል። በተለይ መርፌ መሰል ቅጠል ባላቸው ዛፎች ዘንድ ይህ ቁጥር ከ80 በታች ሲሆን ዛፉ ራሱን ችሎ ነፋስንና የበረዶ ክብደትን ይቋቋማል ተብሎ ይገመታል፤ ከ100 ሲያልፍ ግን ዛፉ የቆመው ጎረቤቶቹ ስለደገፉት ነው፣ ጎረቤቶቹ ሲቆረጡም አብሮ የመውደቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ተጠጋግቶ ያደገና ለብዙ ዓመታት ያልተሳሳ (ከመካከሉ ዛፍ እየወጣ ያልተራራቀ) ደን ያለው ሰው፣ የቱንም ስልት ከመምረጡ በፊት ይህንን ቁጥር ቢያውቅ ከብዙ ጥፋት ይድናል።

የደኑን ጥቅጥቅነት ለመገመት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ኦስትሪያዊው የደን ባለሙያ ዋልተር ቢተርሊህ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያስተዋወቀው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራል። ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ወይም ቁራጭ ካርቶን ከዓይን 50 ሴንቲ ሜትር አርቆ በመያዝ በቆሙበት ቦታ ዙሪያውን እየዞሩ፣ በደረት ከፍታ ላይ ከካርቶኑ የሰፉትን ግንዶች መቁጠር ነው። የተቆጠረው እያንዳንዱ ዛፍ በአንድ ሄክታር ላይ የ1 ካሬ ሜትር የግንድ ስፋትን (ግንዶቹ በደረት ከፍታ ቢቆረጡ የሚታየውን የቁርጥ ስፋት) ይወክላል። በተለያዩ ቦታዎች ላይ 10 ወይም 15 ጊዜ ቆጥሮ አማካዩን መውሰድ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው፤ ውጤቱ ግን ከእንጨት ነጋዴ ጋር ለሚደረግ ድርድርም ሆነ ከደን ባለሙያ ጋር ለሚደረግ ምክክር መሠረት ይሆናል።

ሙሉ ቆረጣ

በዚህ ስልት በአንድ ይዞታ ላይ ያለው ዛፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቆረጥና መሬቱ እንደገና ይተከላል ወይም ከጎን ካሉ ዛፎች በሚመጣ ዘር እንዲለማ ይጠበቃል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ማሽኑ አንድ ጊዜ ይገባል፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ለእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ የሚወጣው ወጪ ዝቅተኛ ነው፣ ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ይሰበሰባል። ከዚህም በላይ እንደ ባህር ዛፍና እንደ አብዛኞቹ የፓይን ዝርያዎች ያሉ ብርሃን ወዳድ ዛፎች በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በደንብ ስለማያድጉ፣ ለእነዚህ ሰፊ ክፍት ቦታ ከተፈጥሯቸው ጋር የሚስማማ ነው። ከአናት እስከ ሥር በበሽታ የተመታ፣ ወይም የዛፉ ዓይነት ለቦታው ፈጽሞ የማይስማማ ደን ሲያጋጥምም አዲስ ለመጀመር ንጹሑ መንገድ ይኸው ነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው ግንዱ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ነው። መሬቱ ለፀሐይና ለዝናብ ይጋለጣል፤ ቀድሞ ዛፎቹ ይጠጡት የነበረው ውኃ በረባዳ ቦታ ላይ ይቆማል፣ በተዳፋት ላይ ደግሞ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ሣርና አረም ከችግኙ ቀድመው ቦታውን ይይዛሉ። ባለቤቱ ከሽያጩ ካገኘው ገንዘብ ላይ ለተከላ፣ ለአረም ማስወገድ፣ ለከብትና ለዱር እንስሳት መከላከያ አጥር ማውጣት ይኖርበታል፤ ከዚያም ለሚቀጥሉት አሥርተ ዓመታት ከዚያ ቦታ ወጪ እንጂ ገቢ አይጠብቅም። ሙሉ ቆረጣን ከሌሎቹ ስልቶች ጋር በገቢ የሚያነጻጽር ሰው እነዚህን የኋላ ወጪዎች ካላሰበ ስሌቱ ጎዶሎ ነው። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ጀርመናዊው ማርቲን ፋውስትማን እ.ኤ.አ. በ1849 የደን መሬትን ዋጋ ለማስላት ያቀረበው ቀመር የተከላ ወጪን፣ የሚጠበቀውን ዘመንና ወለድን አንድ ላይ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከላይ ወዳነሣሁት ጥያቄ ስንመለስ፣ ሙሉ ቆረጣ ለመታረም እጅግ አስቸጋሪ የሆነው ስልት ነው፤ ስህተት ሆኖ ከተገኘ ማረሚያው የአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው። ግድ ከሆነ ግን ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል። ይዞታውን በትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ በተለያዩ ዓመታት መቁረጥ፣ በወንዝና በምንጭ ዳር ያሉትን ዛፎች አለመንካት፣ ጥቂት ትልልቅ ዛፎችን ለዘርና ለአእዋፍ መተው፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን ከቦታው አለማውጣት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በተለይ ወደ ነፋስ መግቢያ ያለውን ዳርቻ መቁረጥ ከኋላው የቆመውን ደን፣ የጎረቤትንም ጭምር፣ ለነፋስ መክፈት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ደቡብ ስዊድንን የመታው ማዕበል በአንድ ሌሊት 75 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል እንጨት ሲጥል ከወደቀው አብዛኛው ስፕሩስ የተባለው አንድ የዛፍ ዓይነት ነበር። ተመሳሳይ ዕድሜና ዓይነት ያለው ደን በትልቅ ስፋት ሲለማ አደጋውም አንድ ላይ እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የደረጃ ቆረጣ

በዚህ ስልት የበሰለው ደን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይቆረጣል። በመጀመሪያው ዙር ደካሞቹና ጠማሞቹ ወጥተው ምርጦቹ እናት ዛፎች ሰፊ አናት እንዲያወጡና ዘር እንዲሰጡ ይደረጋል፤ በሁለተኛው ዙር ከሥር የበቀለው ችግኝ ብርሃን እንዲያገኝ ተጨማሪ ዛፎች ይነሣሉ፤ በመጨረሻም ችግኙ ራሱን ሲችል የቀሩት እናት ዛፎች ይቆረጣሉ። አፈሩ ለአንድም ቀን ራቁቱን አይቀርም፣ ለተከላ የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል፣ ብቻቸውን የቀሩት እናት ዛፎችም በእነዚያ ዓመታት ውስጥ በፍጥነት ይወፍራሉ።

ድክመቱ ትዕግሥትንና ጥንቃቄን የሚጠይቅ መሆኑ ነው። የዘር ዓመት በየዓመቱ አይመጣም፤ ቢችንና ኦክን የመሳሰሉ ዛፎች ብዙ ዘር የሚጥሉት በጥቂት ዓመታት ልዩነት ነው፣ በዘር ዓመት ያልተጠቀመ ሰውም እስከሚቀጥለው ይጠብቃል። በመጨረሻው ዙር የሚወድቁት ትልልቅ ዛፎች ከሥራቸው ያለውን ወጣት ደን እንዳይሰብሩ የሠለጠነ ቆራጭ ያስፈልጋል። ቀደም ሲል የተነሣው የቁመትና የውፍረት ንጽጽር ከ100 በላይ ከሆነ ደግሞ የቀሩት ዛፎች ብቻቸውን ሊቆሙ ስለማይችሉ ይህን ስልት ባይሞክሩት ይሻላል።

መርጦ መቁረጥ

ይህ ስልት ደኑን ሁልጊዜ ደን አድርጎ ያቆያል። በአንድ ይዞታ ውስጥ ችግኝም፣ አጣናም፣ የበሰለ ግንድም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በየ5 ወይም በየ10 ዓመቱ ከቆመው እንጨት ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ይወጣል፣ የወጣውን ክፍተትም ከሥር የሚያድጉት ይሞሉታል። ሐሳቡ በተግባር የተፈተነ ነው። ስዊዘርላንዳዊው የደን ባለሙያ ሄንሪ ቢዮሌ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ በኩቬ መንደር ደን ውስጥ እያንዳንዱን ዛፍ በየጊዜው እየለካ፣ የሚቆረጠውን መጠን ከተለካው ዕድገት ጋር እያስተያየ መሥራት ጀመረ፤ ደኑም እስከ ዘመናችን በዚሁ መንገድ ሲያዝ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1922 አልፍሬድ ሞለር የተባለው ጀርመናዊ ተመሳሳይ አስተሳሰብን «ዘላቂ ደን» በሚል ስም አስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ፕሮ ሲልቫ የተባለው የአውሮፓ የደን ባለሙያዎች ማኅበር በስሎቬንያ ተመሠረተ። ለረጅም ጊዜ በሙሉ ቆረጣ ላይ የተመሠረተ የደን አያያዝ በነበራት በፊንላንድ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተሻሻለው የደን ሕግ የግል ባለቤቶች የተለያየ ዕድሜ ያለው ደን እንዲይዙ ፈቅዷል።

ለአነስተኛ የግል ደን ባለቤት የዚህ ስልት ትልቁ ጥቅም በእኔ አመለካከት የገቢው መደጋገም ብቻ አይደለም። ዋናው ጥቅም እያንዳንዱ ቆረጣ ትንሽ በመሆኑ እያንዳንዱ ስህተትም ትንሽ መሆኑ ነው። በዚህ ዙር ከልክ በላይ የቆረጠ ሰው በሚቀጥለው ዙር ይታገሣል፤ የተሳሳተ ዛፍ የመረጠ ሰው ከጎኑ ያለውን ያሳድጋል። የእንጨት ዋጋ ሲወድቅ ዙሩን ለጥቂት ዓመታት ማስተላለፍ ይቻላል፣ ዛፎቹም በዚያ ጊዜ ውስጥ ማደጋቸውን አያቆሙም። ስሌቱም ለማንም ግልጽ ነው፦ 20 ሄክታር ደን በሄክታር በዓመት 5 ሜትር ኪዩብ የሚያድግ ከሆነ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ 500 ሜትር ኪዩብ ይጨምራል፤ ባለቤቱ በአምስት ዓመቱ ዙር ከዚህ በታች እስከቆረጠ ድረስ ዋናውን ሳይነካ ትርፉን እየተጠቀመ ነው ማለት ነው።

ሆኖም መርጦ መቁረጥ ለሁሉም ዛፍ አይሆንም። በጥላ ሥር ማደግ የሚችሉ ዝርያዎች ባሉበት ደን ውስጥ በሚገባ ይሠራል፤ ብርሃን ወዳድ ዛፎች ባሉበት ግን ነጠላ ዛፍ ከመቁረጥ ይልቅ ስፋታቸው ከአንድ እስከ ሁለት የዛፍ ቁመት የሚደርስ ክፍተቶችን በቡድን መክፈት ያስፈልጋል። በየዙሩ የሚወጣው እንጨት ጥቂት ስለሆነ ወጪው በሜትር ኪዩብ ከፍ ይላል፤ መንገድ ከሌለም ስልቱ ከነጭራሹ አያዋጣም። አንድ ዓይነት ዕድሜ ያለውን የተተከለ ደን ወደዚህ መልክ መለወጥም ብዙ አሥርተ ዓመታት የሚወስድ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ ማስጠንቀቅ የምፈልገው ነገር አለ። ገዢው ገብቶ ወፋፍራሞቹንና ቀጥ ያሉትን ብቻ ለቅሞ ይወጣል፣ ጠማማው፣ የታመመውና የተሰነጠቀው ይቀራል፤ ይህም «መርጦ መቁረጥ» ይባላል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው ተቃራኒው ነው። እንዲህ ያለ ደን ከሁለትና ከሦስት ዙር በኋላ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ይሁን እንጂ የሚሸጥ እንጨት የለውም፣ ዘር የሚጥሉትም የከፉት ዛፎች ብቻ ናቸው። ትክክለኛው አመራረጥ የሚጀምረው ከሚቆረጠው ሳይሆን ከሚቀረው ነው፦ በመጀመሪያ ጤናማ፣ ቀጥ ያለ ግንድና ሙሉ አናት ያላቸው የወደፊት ዛፎች ይለያሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፤ ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አናታቸውን የሚሻሟቸው አንድ ወይም ሁለት ተወዳዳሪዎች ይወጣሉ። የሚቆረጡትን ዛፎች የሚያመላክተው ሰው ባለቤቱ ወይም ባለቤቱ የቀጠረው የደን ባለሙያ እንጂ በምንም መንገድ ገዢው መሆን የለበትም።

ከጉቶ ማቆጥቆጥ

ብዙ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ሲቆረጡ ከጉቷቸው እንደገና ያቆጠቁጣሉ፤ ባህር ዛፍ፣ አኻያ፣ ቼስትነት የሚባለው ዛፍ በዚህ ይታወቃሉ። መርፌ መሰል ቅጠል ያላቸው አብዛኞቹ ግን ከጉቶ አይበቅሉም። ሥሩ ቀድሞ የተዘረጋ ስለሆነ ከጉቶ የወጣ ቀንበጥ ከችግኝ ይልቅ በፍጥነት ያድጋል፣ ዳግም ተከላም አያስፈልግም። ማገዶ፣ የአጥር ቋሚና አጣና ለሚፈልግ ባለቤት፣ በተለይ ደኑ ትንሽ ከሆነና በራሱ ጉልበት የሚሠራ ከሆነ፣ ከዚህ የሚመች ስልት የለም። ይዞታውን ለምሳሌ በ8 ወይም በ10 ክፍል ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን መቁረጥ በየዓመቱ እንጨት ያስገኛል።

ቆረጣው ዛፉ ዕድገቱን በሚገታበት ወቅት፣ ለመሬት ቀረብ ብሎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር በትንሹ አዘቅዝቆ፣ ቅርፊቱን ሳይልጡ መከናወን አለበት። ለወፍራም አጣና የሚፈለግ ከሆነ ከብዙዎቹ ቀንበጦች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮቹን ትቶ ሌሎቹን ማስወገድ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከብት ካልተከለከለ ለስላሳው ቀንበጥ ተግጦ ጉቶው ይደክማል፤ በተደጋጋሚ ከተጋጠም ይሞታል። ሌላው ሥጋት የአፈር ድካም ነው፦ በአጭር ዙር የሚቆረጥ ደን ከአፈሩ የሚወስደው ንጥረ ነገር ብዙ ስለሆነ ቅጠሉና ቀጫጭን ቅርንጫፉ በቦታው መበስበስ አለበት። ለሳንቃ የሚሆን ግንድ ከዚህ ስልት አይጠበቅም፤ ነገር ግን በየተወሰነ ርቀት አንዳንድ ዛፎችን ሳይቆርጡ ማሳደግ ሁለቱን ዓላማዎች በከፊል ያስታርቃል።

ሳይነኩ መተው

ደንን መተው ቸልተኝነት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የታሰበበት ከሆነ ግን ራሱን የቻለ የአያያዝ ስልት ነው። በገደላማ ቦታ፣ በረግረግ፣ በምንጭ ራስ ላይ፣ ወይም ዕድሜ ጠገብ ዛፎች ባሉበት ክፍል ቆረጣው ከሚያስገኘው ጥቅም ይልቅ የሚያስከትለው ጉዳት ይበልጣል። ቆሞ የደረቀና ወድቆ የሚበሰብስ ግንድ የነፍሳት፣ የፈንገስ፣ የአእዋፍ መኖሪያ ነው፤ በሰሜን አውሮፓ ደኖች ውስጥ ከሚኖሩት ዝርያዎች ከአምስት አንድ ያህሉ ኑሯቸው በሞተ እንጨት ላይ የተመሠረተ ነው ተብሎ ይገመታል።

የተተከለና ተጠጋግቶ ያደገ ወጣት ደን ግን ለዚህ ስልት አይመችም። እንዲህ ያለው ደን ሳይሳሳ ሲተው ዛፎቹ ይቀጥናሉ፣ ለነፋስ፣ ለተባይና ለእሳት ይጋለጣሉ። ደግሞም መተው ማለት አለመጎብኘት ማለት አይደለም፤ በመንገድና በቤት አጠገብ ያለ የደረቀ ዛፍ ሰው ላይ ቢወድቅ ኃላፊነቱ ባለቤቱን ሊመለከት ይችላል፣ ነፋስ የጣላቸው የስፕሩስ ግንዶችም ቅርፊት በል ጥንዚዛ ተራብቶባቸው ወደ ቆሙት ሊሻገር ይችላል። በሞቃት ወቅት አዲሱ የጥንዚዛ ትውልድ ለመብረር የሚፈጅበት ጊዜ ከሁለት ወር ሊያንስ ስለሚችል፣ ግንዱን ማውጣት ወይም ቅርፊቱን መላጥ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ችግኝ መትከል ወይስ የተፈጥሮ ዘር መጠበቅ?

የትኛውም የቆረጣ ስልት ቢመረጥ የሚተካው ደን ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ አይቀርም። መትከል የዛፉን ዓይነትና የዘሩን ምንጭ ለመምረጥ ዕድል ይሰጣል። በ2 ሜትር ርቀት የተተከለ ደን በሄክታር 2,500 ችግኝ፣ በ3 ሜትር የተተከለ 1,111 ችግኝ ይወስዳል፤ በመጨረሻ ለሳንቃ የሚደርሱት ግን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 300 ብቻ ናቸው። ጠጋ አድርጎ መትከል ቀጥ ያለና ቅርንጫፉ ቀጫጭን የሆነ ግንድ ይሰጣል፣ ወጪውም ማሳሳቱም ይበዛል፤ አራርቆ መትከል ርካሽ ነው፣ ቅርንጫፉ ግን ስለሚወፍር ጥራት ላለው ሳንቃ ምልመላ (ቅርንጫፍ መቁረጥ) ያስፈልገዋል። ዘግይቶ ለማሳሳት ገንዘብም ጊዜም እንደማይኖረው የሚያውቅ ባለቤት አራርቆ ቢተክል ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

የተፈጥሮ ዘር ወጪው ዝቅተኛ ነው፣ ሥሩም ሳይዛወር በበቀለበት ቦታ ስለሚያድግ ጠንካራ ነው። ነገር ግን የሚበቅለው የእናት ዛፎቹን ባሕርይ የወረሰ ነው፤ መጥፎ ግንድ ያላቸው እናቶች መልካም ልጅ አያወጡም፣ ለቦታው የማይስማማ ዝርያም ራሱን ይተካል። ችግኝ ከሥር አልበቀለም ብሎ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ርዝመቱና ስፋቱ 10 በ10 ሜትር የሆነ ቦታ አጥሮ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት መጠበቅ ነው። በአጥሩ ውስጥ ችግኝ ከሞላና ከውጭ ምንም ከሌለ፣ የጎደለው ዘር ሳይሆን ከእንስሳት መከላከል ነው፤ ችግኝ ገዝቶ መትከልም ያንኑ እንስሳ መቀለብ ይሆናል።

በሁለቱም መንገድ የዛፎችን ዓይነት ማቀላቀል ይመከራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፖላንድ የታየው የአሽ ዛፍ አድራቂ ፈንገስ በአብዛኛው አውሮፓ ሲስፋፋ፣ አሽን ብቻ ያለሙ ባለቤቶች ደናቸውን በሙሉ ለአደጋ አጋለጡ፤ ከሌሎች ጋር ቀላቅለው የያዙት ግን ክፍተቱን የሚሞላላቸው ሌላ ዛፍ ነበራቸው።

ሥራውን ማን ይሥራ፣ እንጨቱስ እንዴት ይሸጥ?

በራስ ጉልበት መሥራት ለምልመላ፣ ለአረም፣ ለወጣት ደን ማሳሳትና ለማገዶ ተስማሚ ነው፤ ባለቤቱ ደኑን የሚያውቀውም በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን በቆሙት ላይ የተንጠለጠለን ዛፍ ወይም ነፋስ የነቀለውንና የተወጠረውን ግንድ መቁረጥ እጅግ አደገኛ ከሚባሉ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው ሞተር መጋዝ ይዞ፣ ይልቁንም ብቻውን ሆኖ፣ ሊሞክረው አይገባም። ለዚህ ሥራ ተቋራጭ መቅጠር ወጪ ቢመስልም ሕይወትን ያተርፋል። ይዞታው ትንሽ ለሆነበት ባለቤት ሦስተኛው አማራጭ የደን ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ በአንድነት መሸጥ የተሻለ ዋጋ ከማስገኘቱም በላይ እንደ ኤፍ ኤስ ሲ ወይም ፒ ኢ ኤፍ ሲ ያሉ፣ እንጨቱ በአግባቡ ከተያዘ ደን መምጣቱን የሚያረጋግጡ የምስክር ወረቀቶችን በቡድን ለማግኘት ያስችላል፣ ለብቻ ሲሆን ወጪው ለትንሽ ደን ከባድ ነውና።

በሽያጩ በኩል ሁለት መንገዶች አሉ። ቆሞ መሸጥ ማለት ገዢው ራሱ ቆርጦ፣ ጎትቶና ጭኖ እንዲወስድ መስማማት ነው፤ ለባለቤቱ ድካሙ ትንሽ ነው፣ ሲቆረጥ የተገኘ የውስጥ ብስባሽም ብዙ ጊዜ የገዢው ኪሳራ ይሆናል። ቆርጦ መንገድ ዳር ከምሮ መሸጥ ደግሞ ባለቤቱ እያንዳንዱን ግንድ እንደ ጥራቱ ለይቶ ለተለያየ ገዢ እንዲያቀርብ ያስችለዋል፣ የሥራውንም ጥራት በእጁ ያደርጋል፤ በአንጻሩ ለቆረጣው ቀድሞ መክፈል አለበት፣ ገዢ ከዘገየም እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ በፈንገስ ይበላሻል። ጥራት ያለው ወፍራም ግንድ ያለው ሰው በሁለተኛው መንገድ፣ ተራ እንጨት ወይም ማገዶ ብቻ ያለው ሰው በመጀመሪያው ቢሸጥ ይጠቀማል። በሁለቱም ግን ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፦ የትኞቹ ምልክት የተደረገባቸው ዛፎች እንደሚቆረጡ፣ መጠኑ የትና በማን እንደሚለካ፣ ክፍያው እንጨቱ ከመጫኑ በፊት መሆኑን፣ በቀሩት ዛፎችና በመንገዱ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ማን እንደሚጠየቅ፣ መሬቱ ሲረጥብ ሥራው የሚቆም መሆኑን መግለጽ ይኖርበታል።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው ነው። ከባድ ማሽን አፈርን የሚያምቀው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች ነው፤ የታመቀ አፈር አየርና ውኃ ስለማያሳልፍ ሥር አይገባበትም፣ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ለመመለስም አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ማሽኑ በደኑ ውስጥ እንደልቡ ከሚዞር ይልቅ ከ20 እስከ 40 ሜትር በተራራቁ ቋሚ መስመሮች ላይ ብቻ እንዲሄድ፣ መስመሮቹም በቀለም ተለይተው በየዙሩ እነዚያኑ እንዲጠቀም ማድረግ ያስፈልጋል።

እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲታዩ

ለ30 ዓመት ሳይሳሳ የቆየና ዛፎቹ የቀጠኑ ደን የወረሰ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ማሳሳት ደኑን ለነፋስ አሳልፎ መስጠት ነው፣ ከማሳሳት በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት አደገኞቹ ናቸውና። ከዳርቻው ርቆ፣ በየ3 ወይም በየ4 ዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያወጡ መሞከር ይቻላል፤ ቁመቱ ከ20 ሜትር በእጅጉ ካለፈ ግን በትንንሽ ክፍሎች በሙሉ ቆርጦ የተቀላቀለ ደን መትከል የተሻለው አካሄድ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ቆረጣን ያለ ማመንታት የምደግፍበት ሁኔታ ይህና የበሽታው ብቻ ነው።

የተለያየ ዓይነትና ዕድሜ ያለው፣ መንገድ የገባለት ደን ያለው ሰው ደግሞ መርጦ ከመቁረጥ ሌላ ሊያስብ አይገባም፤ ያለውን ሀብት በሙሉ ቆረጣ ቢያጠፋው መልሶ ለመገንባት የሰው ዕድሜ አይበቃውም። አንድ ወይም ሁለት ሄክታር ብቻ ያለውና ማገዶና አጣና የሚፈልግ ሰው ከጉቶ ማቆጥቆጥን ይምረጥ። ከደኑ ርቆ የሚኖር፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሊጎበኘው የማይችል ባለቤት ደግሞ በየዙሩ ምልክት ማድረግን የሚጠይቅ ስልት ከመያዙ በፊት የሚያምነው የደን ባለሙያ ይፈልግ፤ እስኪያገኝ ድረስ፣ ወጣቱንና የተጨናነቀውን ክፍል ከማሳሳት በቀር፣ ሳይነካው ቢያቆየው ይሻላል። ገዢ በሩን አንኳኩቶ ዋጋ ሲጠራለት የሚሰጠው መልስም ይኸው ይሁን፦ ደኑ እስኪለካና የሚቀሩት ዛፎች ቀለም እስኪቀቡ ድረስ የሚሸጥ ዛፍ የለም።